ዙሩን ማን ይቆጥር?

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ የቀኑ ሐሩር ከግድግዳው ሳይወጣ እንቅልፍ አይታሰብም። ነፋሱ ከተራራው እስኪወርድልን ድረስ እዚሁ ደጅ ላይ እናውጋ። ልጆች ከፊት ተቀመጡ፤ ትልልቆቹ ከኋላ ሆናችሁ ስሙኝ። የዛሬው ትረካ የሩጫ ነው። ጀግኖቹን ስማቸውን ታውቁታላችሁ። እኔ የምተርክላችሁ ግን ጀግናው ሲሮጥ ስለሚያስብለት፣ ሰዓቱን ስለሚይዝለት፣ ዙሩን ስለሚቆጥርለት ሰው ነው።

ጊዜው መጋቢት 19 ቀን 1973 ዓ.ም፣ ቦታው የስፔኗ ማድሪድ ነው። በፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ተዘጋጅቷል። ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ስትሰለፍ የመጀመሪያዋ ነው። የወንዶቹ ርቀት 12 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱም ዙር ነው። ጠመንጃው ተተኮሰ፤ የኛዎቹም ወጡ። አንድ ሁለት ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ በመንጋ ነው የወጡት! ኪሎ ሜትሩ በገፋ ቁጥር የሌላው አገር ሯጭ ከኋላ እየተንጠባጠበ ቀረ፤ ከፊት የሚታየው ኢትዮጵያዊ ብቻ ሆነ።

ታዲያ ምን ሆነ? እየከነፉ መጡና ያለ የሌለ ጉልበታቸውን አውጥተው ለመጨረስ ተፈተለኩ። የተቀዳደመው ተቀዳደመ፤ አበቃ ብለውም እግራቸውን አላሉ።

አላበቃም! አንድ ሙሉ ዙር ይቀራቸዋል።

እስቲ አስቡት። ደረቱን የነፋው፣ ትንፋሹን የጨረሰው፣ ልቡ «ደረስኩ» ያለ ሰው እንደገና ተነስ ሲባል! ከኋላ ደግሞ ጉልበቱን ቆጥቦ የሚመጣ አለ። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን እየተጠጋ ነው፤ ፖርቱጋላዊው ፈርናንዶ ማሜዴም እየመጣ ነው።

እዚህ ላይ ላቆማችሁ ነው። አትቆጡኝ፤ ማድሪድን እመለስበታለሁ። ወደዚያ ሜዳ ያደረሳቸውን መንገድ ሳታውቁ ግን የዚያች ዙር ክብደት አይገባችሁም። መንገዱ የሚጀምረው ከሙኒክ ነው።

ከማድሪድ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ወደ ኋላ እንሂድ። ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም በጀርመን ሙኒክ የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ፍጻሜ ይሮጣል። በዚያ ሩጫ የፊንላንዱ ላሴ ቪረን መሐል ላይ ወደቀ፤ ተነስቶም የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ቤልጂጋዊው ኤሚል ፑተማንስ ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛው ከአየር ኃይል የመጣ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ፀጉሩ ገና በጊዜ የሳሳ ኢትዮጵያዊ ነበር። ምሩፅ ይፍጠር ይባላል። ነሐስ አገኘ። ከቀናት በኋላ ደግሞ 5,000 ሜትር ይጠብቀዋል።

የ5,000ው ሰዓት ደረሰ፤ ሯጮቹ ተጠሩ። ምሩፅ ግን የለም። በሩ ጠፍቶበት ነው የሚል አለ፤ ጥሪው አልደረሰውም የሚል አለ፤ ሌላም ሌላም ይባላል። የተወራው ብዙ ነው፤ የሆነው ግን አንድ ነው፤ ሩጫው ያለ እሱ ተጀመረ። እግሩ ያልከዳውን፣ ሳንባው ያልከዳውን ሰው ሰዓት ከዳው። ሯጭ በውድድር ዋዜማ በሐሳብ ሌላ ዓለም ውስጥ ያለ ሰው ነው። በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠራ፣ ማሟሟቂያው ሜዳ የት እንደሆነ እሱ ማሰብ አይገባውም። ያንን የሚያስብለት ሌላ ሰው ከጎኑ ሊኖር ይገባል። ይህን ያዙልኝ፤ የትረካዬ ቋጠሮ እሱ ነው።

ምሩፅ «በሚቀጥለው እክሰዋለሁ» ብሎ ተነሳ። የሚቀጥለው በ1968 ዓ.ም ክረምት በካናዳ ሞንትሪያል ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ከኦሊምፒኩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ወጣች። የተዘጋጀ እግር ሳይሮጥ ተመለሰ። ሰው አራት ዓመት ሲያጣ አንድ ነገር ነው፤ ስምንት ዓመት ሲሆን ግን ዕድሜም አብሮ ይሄዳል።

እሱ ግን አልተቀመጠም። በ1969 ዓ.ም ማብቂያ ጀርመን ዱሰልዶርፍ ላይ የዓለም ዋንጫ አትሌቲክስ ተደረገ። ይህ ውድድር ክፍለ ዓለም ከክፍለ ዓለም የሚገጥምበት ነበር፤ ምሩፅ የለበሰው የአፍሪካን ማልያ ነው። 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድሩ ሞንትሪያል ሲሄድ ያንኑ ደገመው። ለራሱ ሲሮጥ የኖረ ሰው ለአንድ አህጉር ነጥብ ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሞስኮ። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በ1949 ዓ.ም መግቢያ በሜልቦርን ኦሊምፒክ የሮጡ ሰው ናቸው። መስመሩ ላይ የቆሙት ኢትዮጵያውያን ሦስት ናቸው፤ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። ከአጠገባቸው ያ ሙኒክ ላይ ወድቆ የተነሳው ቪረን አለ፤ የአራት ወርቅ ባለቤት ነው። ሌላው የአገሩ ልጅ ካርሎ ማኒንካም አለ።

ሦስቱ እንደ ሦስት ሰው አልሮጡም። እየተፈራረቁ ከፊት ወጡ። አንዱ ፍጥነቱን ያጠብቀዋል፤ ሌላው ያላላዋል፤ ደግሞ ሦስተኛው ሳይታሰብ ይስበዋል። እንዲህ ያለ ሩጫ በአንድ ፍጥነት የለመደን እግር ይሰብራል። ቪረን ታገለ፤ ከፊትም ለመውጣት ሞከረ፤ በመጨረሻ ግን ቀረ። 300 ሜትር ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ። ማርሽ ቀያሪው የሚለውን ስም ዓለም ያጸናለት በዚያ እግር ነው። ወርቁ የምሩፅ፣ ብሩ የማኒንካ፣ ነሐሱ የመሐመድ ከድር፣ አራተኛው ቶሎሳ ቆቱ ሆነ። ቪረን አምስተኛ ገባ።

ቶሎሳን አስተውሉት። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። ግን ያን ሩጫ ከሳቡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ፍጥነቱን የሚያጠብቅ ሌላ ትከሻ ባይኖር ምሩፅ እስከ መጨረሻዋ 300 ሜትር ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ይደርስ ነበር?

ሐምሌ 25 ደግሞ 5,000ው መጣ፤ ስምንት ዓመት የተጠበቀው። ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩፅ በሰው ታጥሮ ቀረ። ጎኑ ሰው፣ ፊቱ ሰው። ማርሽ ቢቀይር በየት ሊወጣ? ከፊቱ የነበረው መሐመድ ከድር ፈቀቅ አለለት። በር ተከፈተ፤ ምሩፅም ወጣ። ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡይ ቢከተለውም አልደረሰበትም። ሁለተኛው ወርቅ ገባ። መሐመድ በዚያ ሩጫ ሜዳሊያ አላገኘም።

ሙኒክና ሞስኮን አስተያዩልኝ። ሰውየው ያው ነው፤ ስምንት ዓመት አርጅቷል እንኳን። የተለወጠው ዙሪያው ነው። በሙኒክ ብቻውን በር ፈላጊ ነበር፤ በሞስኮ በር የሚከፍትለት ሰው ነበረው። ያ በር ደግሞ በዚያች ቅጽበት ብቻ የተከፈተ አይደለም። ማን ይስባል፣ ማን ያዘናጋል፣ ማን ይጨርሳል የሚለው ሥራ ቀደም ብሎ ካልተከፋፈለ እንዲህ ያለ ነገር በሜዳ ላይ አይወለድም።

ይህንን እናንተ ይፋቶች ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የማሽላ አጨዳ ደቦ ሲጠራ ጎበዝ አጫጅ ሞልቶ እርሻው ሳያልቅ የሚመሽበት ቀን አለ። ሌላ ቀን ደግሞ መካከለኛ ሰው ተሰብስቦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሳል። ልዩነቱ ደቦውን የጠራው ሰው ነው። ከቀናት በፊት ማጭዱን የቆጠረ፣ ጠንካራውን ዳርና ዳር አሰልፎ ደካማውን መሐል ያደረገ፣ ውኃውና ምሳው መቼ እንደሚደርስ የወሰነ እንደሆነ ያ ደቦ ይሳካል። ራሱ ማጭድ ይያዝ አይያዝ ማንም አይጠይቀውም።

በዓለም ላይ ይህንን ሥራ እጅግ ያከበረ አንድ ስፖርት አለ፤ ጎልፍ። አዎ ጎልፍ፣ በብረት ዘንግ ትንሽ ኳስ እየመቱ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ጨዋታ። ጎልፈኛ ዓመቱን ሙሉ ለራሱ የሚመታ፣ ለራሱ የሚያተርፍ ሰው ነው፤ ልክ እንደ ሯጭ። በየሁለት ዓመቱ ግን ራይደር ካፕ የሚባል ውድድር አለ። ስሙን ያገኘው ከሳሙኤል ራይደር ነው፤ እንግሊዛዊ የዘር ነጋዴ ነበር፤ በትንንሽ ፓኬት የአትክልት ዘር እየሸጠ የበለጸገ ሰው። እኛ ማሾና ሽንኩርት ዘርተን የምንኖር ሰዎች የዘር ነጋዴን አንንቅም! ውድድሩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 ተጀመረ፤ ዛሬ አውሮፓ ከአሜሪካ ጋር ይጋጠምበታል። በየወገኑ 12 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ሦስት ቀን ይጫወታሉ፤ 28 ነጥብ ይከፋፈላሉ።

ታዲያ የቡድኑ አለቃ ኳስ አይመታም። ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ይጀምራል። ከ12ቱ ግማሹ በውጤታቸው ይገባሉ፤ ግማሹን እሱ ይመርጣል። ጥንድ ሆነው በሚጫወቱበት ጊዜ ማን ከማን ይጣመር የሚለውን እሱ ይወስናል። ማን ጠዋት ይጫወት፣ ማን ይረፍ፣ ማን በመጨረሻው ቀን ቀድሞ ይውጣ፣ ሁሉም በእሱ ላይ ነው። ሲያሸንፉ ዋንጫው የተጫዋቾቹ ነው፤ ሲሸነፉ ጥያቄው ወደ አለቃው ይመጣል።

እንግሊዛዊው ሉክ ዶናልድ በ2016 ዓ.ም መግቢያ ሮም ላይ አውሮፓን መርቶ አሸነፈ። ከውድድሩ በፊት ቡድኑን ይዞ እዚያው ሜዳ ላይ ተለማመደ። በ2018 ዓ.ም በመስቀል ሰሞን ደግሞ ኒውዮርክ አጠገብ፣ በባላጋራው አገር፣ በባላጋራው ደጋፊ መሐል 15 ለ 13 ደገመው። ወደዚያ ከመሄዳቸው በፊት ተጫዋቾቹ በዓይን ላይ የሚጠለቅ የምስል መሣሪያ አድርገው የተመልካቹን ጩኸትና ስድብ አስቀድመው እንዲሰሙት አድርጓል። ስድቡን ቤታቸው ለመዱት፤ ሜዳ ላይ አዲስ አልሆነባቸውም። ዝግጅት ማለት ነገ የሚያስደነግጥህን ነገር ዛሬ መገናኘት ነው።

አሁን ማድሪድ እንመለስ፤ ሰዎቻችንን በጭንቅ ላይ ትተናቸው ነበር።

አንድ ዙር ይቀራል። ሁሉም ጉልበቱን አፍስሷል። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ቆመ ይቀር ነበር። እነሱ ግን ነገሩ የገባቸው እንደገና ተነሱ። መሐመድ ከድር፣ ያ በሞስኮ በር የከፈተው፣ ከፊት ሆኖ ለአገሩ ታገለ። ክሬግ ቨርጂን ደረሰበት፤ በመጨረሻም በሁለት ሴኮንድ ቀደመው። ማሜዴ ሦስተኛ ሆነ። የግሉ ወርቅ በዙር ስህተት ከእጅ ወጣ።

ቡድኑስ? በዚያ ዘመን በአገር አቋራጭ ዘጠኝ ሰው ይሮጥ ነበር፤ ከዘጠኙ መጀመሪያ የሚገቡት ስድስቱ ይቆጠሩ ነበር። ስንተኛ እንደገቡ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው አገር ያሸንፋል። ስለዚህ ስድስተኛው ሰው እንደ መጀመሪያው ይቆጠር ነበር። ሠላሳኛ ልወጣ ሠላሳ አምስተኛ ምን ለውጥ አለው ብሎ የላላ ሰው አገሩን ይጥላል። በዚያች በተሳሳተች ዙር የኛዎቹ ተስፋ ቆርጠው ቢሆን ኖሮ ድምሩ ተራራ ያህል ይሆን ነበር። ግን የደከመውም፣ የተናደደውም፣ የተቀደመውም እስከ መስመሩ ሮጠ። ኢትዮጵያ በ81 ነጥብ አንደኛ ሆነች፤ አሜሪካ ሁለተኛ።

ወርቁን ያጡበት ምክንያትና ዋንጫውን ያገኙበት ምክንያት በአንድ ሩጫ ውስጥ ናቸው። ዙሩ ስላልተያዘ የግሉ ወርቅ ሄደ፤ ስድስት ጠንካራ ሰው ስለተዘጋጀ ዋንጫው መጣ። ጥሩ ዝግጅት እንዲህ ነው፤ ስህተት ቢፈጠር እንኳ የሚሸከም ትከሻ አስቀድሞ ይሠራል። በዓመቱ ሮም ላይ መሐመድ ከድር የግሉንም ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በቀለ ደበሌ ጌትስሄድ ላይ አሸነፈ። ቡድኑ ከማድሪድ ጀምሮ አምስት ዓመት ተከታትሎ የሚነካው አልነበረም።

ከዚያስ? ከዚያ ኬንያ ተዘጋጅታ መጣች፤ አሥራ ስምንት ዓመት በተከታታይ የወንዶቹን ዋንጫ ይዛ ቆየች። እኛ ተራራ እንዳለን እነሱም ተራራ አላቸው። ከዚህ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር የወጣ የሮቢት ሰው የአየርን ነገር በገዛ ደረቱ ያውቀዋል። እኛ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። የደጋው አየር ስስ ነው፤ ሰውነት ይህን ለመቋቋም ደሙን ያበዛል፤ ያ ደም በሩጫ ቀን ስንቅ ይሆናል። ግን ከፍታ የእግዜር ስጦታ ስለሆነ ለብቻው አያሸንፍም፤ ሌላውም አገር ወጥቶ ሊለማመድበት ይችላል። የሚለየው የሰው ሥራ ነው። የኬንያን ሰንሰለት ለመበጠስ 1996 ዓ.ም ድረስ መጠበቅ ነበረብን። በዚያ ዓመት ብራሰልስ ላይ ቀነኒሳ በቀለ፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያምና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገቡ።

ስለ አለቃ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት፣ የዚያ ዘመን ታላቅ ነው። ሩጫው ሲለዝብ ከፊት ወጥቶ ሳበው፤ ሁለተኛውን 5,000 ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች አወረዱት። በመጨረሻ ወጣቱ ቀነኒሳ አልፎት ሄደ። ቀነኒሳ፣ ኃይሌ፣ ስለሺ፤ ሦስቱም የኛ። ታላቁ ሰው ሸክሙን ተሸክሞ ታናሹን አደረሰ። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ በጉዳት ላይ ሆኖ ሲሮጥ ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እያዩ፣ ፍጥነት እየቀነሱ ጠበቁት። በኦሊምፒክ ፍጻሜ! ሊደርስ እንዳልቻለ ሲያውቁ ሄዱ፤ ወርቅና ብር ይዘው ገቡ። ይህን ያስደረጋቸው ወረቀት ላይ የተጻፈ ትእዛዝ አልነበረም። ሰው የሚጠብቀው ቀድሞ የተሸከመውን ሰው ነው።

በአንጻሩ በ2013 ዓ.ም ክረምት ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ኮሚቴውና የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ አለመግባባት አደባባይ ወጥቶ ነበር። ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ወርቅ አመጣልን፤ ክብር ይገባዋል። ለመላው ልዑካን ግን ውጤቱ አንድ ወርቅ፣ አንድ ብርና ሁለት ነሐስ ነበር። አትሌቱ ሳይጎድል አለቆቹ ሲለያዩ የሚከፍለው ሯጩ ነው። ይህን የምለው ልቤ እየተቃጠለ ነው።

የመጨረሻዋን ልንገራችሁ። ለ2016ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሳይ ለማ ተመርጦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ተጠባባቂ! ስንቱ ነው «ንቀውኛል» ብሎ ልምምዱን የሚያላላው? ታምራት ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ውድድሩ ሊደርስ ሲል ሲሳይ ተጎዳ፤ ቦታውንም ለቀቀለት። ነሐሴ 4 ቀን ታምራት በዚያ ዳገታማ የፓሪስ መንገድ ብቻውን አመለጠ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገባ። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ያ ወርቅ የሁለት ሰው ሥራ አለበት፤ ሳይጠራ የተዘጋጀውና አልችልም ሲል በጊዜ የተናገረው።

እንግዲህ ልጆች፣ እናንተ የትምህርት ቤቱን ቡድን ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ለውድድር የምትወጡት፣ ስሙኝ። አለቃችሁን ስትመርጡ ፈጣኑን ብቻ አትዩ። የጓደኛውን ጫማ ቁጥር የሚያውቀውን፣ ሰዓት የሚጠይቀውን፣ ለሚያሸንፈው ፈቀቅ የሚለውን ፈልጉ። ስድስተኛውን ሯጭ እንደ አንደኛው አሠልጥኑት፤ ተጠባባቂውን እንደ ተሰላፊ አብሉት። ወደ ደጋው ከመውጣታችሁ በፊት ቀናት ቀድማችሁ ውጡ፤ ብርዱንና ስስ አየሩን ሳንባችሁ ይልመደው። መንገዱን አንድ ጊዜ በእግራችሁ ዙሩት፤ ዙሩ ስንት እንደሆነ ሁላችሁም እወቁ፤ ግን የሚቆጥር አንድ ሰው ከዳር አቁሙ፤ ድምፁንም ለዩት።

እናንተም አባቶች፣ ልጆቹን ስናበረታታ ያሸነፈውን ብቻ አንሸልም። ቶሎሳን የመሰለውን፣ አራተኛ ሆኖ ሦስት ሰው የሚያህል ሥራ የሠራውን ስሙን ጠርተን እናመስግነው።

ሯጭ አያሳጣን፤ ለሯጩም የሚቆጥርለት አያሳጣን። አሜን በሉ።